አባ ሴሊካ

ሰኞ ነው። ዝናቡ ከሌሊት አልቆመም፤
ውጭ አድራ፣ ረጥባ፣ ቀይዋ አታቄምም።
ቁልፍ ባዞር አስነጠሰች፤ ደግሜ አዞርኩላት፤
ከኮፈኗ ሥር አንድ ዓይኗ ብቅ አለ፣
አንዱ ላይ እንቅልፍ አየለባት።
ባለፈው ክረምት ፍሪሲዮኗ ሲቃጠል
ሁለት እቁብ በላች። ይሁን፤ ምን ይባላል።

ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ጉልበቴ ያውቀዋል፣
የቱ ላይ እንደሚይዝ ተረከዜ ያያል።
አንደኛ። ከሄርማታ ቀስ ብለን ወጣን፣
ከኮብልስቶኑ ጉብታ ሆዷን እያዳንን።
ሁለተኛ። ባጃጅ በቀኝ ሾለከብኝ፤
ፍሬን አልነካሁም፣ ማርሹ ያዘልኝ።
ሦስተኛ! ከአጂፕ ወዲያ መንገዱ ባዶ ነው፣
ሁለት መቶ ሜትር፤ ከዚያ በላይ የለው፤
ድምጿ ወፈር ብሎ ወገቤን ሲነካኝ
ከደሞዜ ቀድማ እሷ ናት የምትከፍለኝ።
አራተኛን ከተማ ውስጥ አንዳንዴ እቀምሳለሁ።
አምስተኛን ግን ለእሑድ፣ ለአጋሮ መንገድ፣
እንደ በዓል ልብስ አጥፌ አስቀምጣለሁ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሂንዲያ ትመክረኛለች፦
«ሽጪና ተገላገዪ! አውቶማቲክ ግዢ፣
ግራ እግርሽን አሳርፊ፣ በግራ እጅሽ ስልክ ያዢ!»
«እሺ» እላታለሁ። እሺ ይበልጣል ከሺህ።
ማታ ሲዘንብ ግን ማን ያደርሳታል?
እኔው፣ ከነማርሼ።

ጅሬን ዳገት ላይ፣ ጣውላ የጫነ ጋሪ ፊታችን ቆመ፤
ከኋላ አይሱዙ በጡሩምባው አጉረመረመ።
የእጅ ፍሬኔ ከሞተ ቆየ። ሂንዲያ የበሩን እጀታ አነቀች።
ግራ እግሬን አንድ ጣት ያህል ለቀቅ፣ ቀኙን ጫን፣
ቆመች።
ወደ ፊት አትል፣ ወደ ኋላ አትል፣
ደረቷ እየተንቀጠቀጠ፣
ልጓም እንደያዛት።

ድሮ በዚህ ዳገት ሰው በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራ፤
ቅድመ አያቴን «አባ ቦራ» ብለው ቀበሩት፤
እናቱ ያወጣችለትን ዛሬ የሚያውቅ የለም፣
የቀረው ቦራ።
አሁን የባጃጅ ልጆች ከጥግ ሆነው ያፏጫሉ፤
ሴትነቴን ከነሻሼ እያዩ
«አባ ሴሊካ! ያዣት!» ይላሉ።
ኑሪያ ነው ስሜ። መታወቂያዬም የሚለው ይህንኑ ነው።
ዞር ያልኩት ግን ለዚያኛው ነው።

ጋሪው ተነቃነቀ። ለቀቅኳት።
ዳገቱን ጨርሰን ጸጥ ስንል
ሂንዲያ እጇን ከበሩ አላቀቀች፤
ስለ ሽያጩ ታነሣለች ብዬ ስጠብቅ
«አምስተኛው» አለች፣ «መቼ ነው የሚገባው?»

«እሑድ» አልኳት። «ምሳ ቋጥሪ።»