ሃምሳ ሊሬ

የአጎቴ የጂልዶ ቬስፓ፣ አንድ ሰው ነው ልኳ ጀርባዋ፣
ያን ረቡዕ ማታ ለእኔ ነበር ተራዋ።
ታች ሎንጋሮኔ፣ ካፌው ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፤
ማድሪድ ከስኮትላንዶቹ ሊጫወት ነው ተባለ።
የእኛ መንደር፣ ሽቅብ፣ ድርቆሽ ነው፣ ላም ነው፤
ሰው የሚያሳይ ሣጥን በወሬ ነው የምናውቀው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወንድሜ ኤርሜስ ዐሥራ አራት።
ከጠዋት ጀምሮ ዞረኝ፣ መብራት እንዳየ የእሳት እራት።
"ኒቬስ፣ ተራሽን ሽጭልኝ። አንቺ ኳስ ምን ይገባሻል?"
እንጉዳይ ለቅሞ የሸጠበትን፣ ኪሱ ውስጥ የሞቀውን
ሃምሳ ሊሬ መዳፌ ላይ አኖረ።
ሳንቲሙ ላይ ራቁቱን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው፣
መዶሻውን እንዳነሳ፣ ሳያሳርፈው።

ሸጥኩለት።

ጸጉሩን በውሃ አራሰ፣ በአባቴ ማበጠሪያ አስተኛ፤
ከኋላ አንዲት ቁንጮ ግን እምቢ አለችው፣ ቆማ ቀረች፤
ቬስፓዋ ቁልቁል ስትወርድ በመጨረሻ ያየኋት እሷ ነች።

ተራራው ማቃሰት ከጀመረ ከርሞ ነበር፣ ሰው እየሰማው፤
ላም ወደዚያ አልግጥ ሲል፣ ዛፉ ሲያጋድል፣ ሁሉም እያየው።
ሽማግሌዎቹ ተናገሩ። ጻፉም። ማን ሰማቸው?
ግድቡን አቆሙት፣ ግድ ሳይኖራቸው።

ነፋሱ ነው የቀደመ።
መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ የእናቴ ሻማ ጨለመ፤
ታች ሰማያዊ ብልጭታ፣ የመብራት ገመድ ሲበጠስ፤
ከዚያ ድምፅ። ድምፅም አልለው፤ ምድር ከነአጥንቷ ስትፈርስ።
አራት ደቂቃ ነው አሉ ኋላ፣ የለኩ ሰዎች። እኔ አልለካሁም።
አልጋ ሥር ነበርኩ፤ ሳንቲሙን ግን አልለቀቅኩም።

ሲነጋ ከተማው የለም። ፍርስራሽ ቢኖር ምን ነበረ!
ነጭ ጠጠር ብቻ፣ እንደተወለወለ ገበታ፤
አንድ የደወል ማማ ብቻውን፣
የሚደውልለት ሰው ያጣ፣ ለጠዋትም ለማታ።
ቀና ስንል ግድቡ። ንቅንቅ አላለም።
ጥሩ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ይህን ማንም አልካደም።

አባቴ ዐሥራ አንድ ቀን ፒያቬን ተከትሎ ወረደ፤
ጭቃ የለበሰ ፊት እያጠበ፣ "የሌላ ሰው ነው" እያለ ሄደ።
ይዞልን የመጣው የቬስፓ መስታወት ነው፤ የየትኛዋ እንደሆነ እንጃ።
እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፣ ከፍ አድርጋ፣
ማንም ፊቱን እንዳያይበት።

ይሁዳ የወሰደው ሠላሳ ነው። እኔ ሃምሳ።
ልናዘዝ እገባና ሌላ ኃጢአት አወራለሁ፣ እሱን እንደምረሳ።

ፎርቶኛ መቃብር፣ አባቴ የተከለው እንጨት ነበር፤
ፎቶው፣ አንድ እግር የኳስ ካልሲ፣ በቆርቆሮ የበቀለች አበባ።
ኋላ መጡና ነቀሉት፤ ሁሉን እኩል እናድርግ አሉ፤
ነጭ ድንጋይ በሰልፍ፣ እንደ ወታደር፣ እንደ ጥርስ።
ስሙ ተጽፏል። ሥሩ ግን ባዶ ነው። ኤርሜስ አልተገኘም።

ዘንድሮ በጥቅምት ተማሪዎች መጡ፣ መምህራቸው እየመራ፤
የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ እኔ ጎራ።
"ማን አሸነፈ?"
"ምኑን?"
"ጨዋታውን ነዋ፣ አያቴ!"
ስልሳ ዓመት። ይህን የጠየቀኝ የለም፤
እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅ፣ በሕይወቴ።

ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ነገረኝ።
ሲሄዱ ተንበረከክኩ፣ ጉልበቴ እምቢ እያለኝ።
ሳንቲሙን አወጣሁ። ዛሬ ካራሜላ እንኳ አይገዛም፤
ቀጥቃጩ ግን አሁንም መዶሻውን እንዳነሳ ነው።
ድንጋዩ ሥር አፈሩን በጣቴ ጫርኩ፣ አስቀመጥኩለት።

ኤርሜስ፣ አልኩት፣ ማድሪድ ነው።
ስድስት ገባ።
ስድስት ለባዶ።