ከኋላው ረድፍ

ሰባተኛ «ለ» ነው፤ ከቀትር በኋላ፤
የግቢው ኒም እንኳን የሚመኘው ጥላ።
ቆርቆሮው ከላይ እንደ ቆሎ ይንጣጣል፤
ስድሳ ሁለት ልጅ ነው፤ ማን የት ይቀመጣል?
መምህር ወሰንየለህ፣ በፍቅርም በቁጣም፣
«ዝም በሉ!» አላቸው፤ «ደራሲ ስትመጣም?»

አነበብኩላቸው የምወደውን ገጼን፣
ዝቅ ከፍ እያደረግሁ እንደ ተዋናይ ድምፄን፤
የብርሃኔን ታሪክ፤ ከሰው ቤት አድጋ፣
ጀሪካን ስትጎትት መሽቶ እስኪነጋ፣
በመጨረሻው ገጽ እንዴት እንደ ዳነች፣
ደብተር እንደ ገዛች፣ ዶክተር እንደ ሆነች።

ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም ፈገግ አልኩኝ፤
ብዙ ከተማ ላይ በሷ ነው የታወቅኩኝ።

ከኋላው ረድፍ ግን፣ ከተሰበረው መስኮት ስር፣
ሐምዲያ ተነሣች፣ ጣቷን ወደ ጣሪያ ስትቀስር፤
«አንቺ» ብላ፣ በድሬ ወግ፣ ቃሉን ሳታስውበው፣
«ልጅ ሳለሽ ዩኒፎርምሽን ማን ነበር የሚያጥበው?»

ክፍሉ ሳቀ በሙሉ። እሷ ግን አልሳቀች፤
መልሱን እንደምታውቅ ቆማ ጠበቀች።

ኢፍቱ።
ኢፍቱ ነበር ስሟ። ከጃርሶ፣ በጫት መኪና፣
ስትመጣ ዘጠኝ ዓመት አልሞላትም ገና።
እኔም ያኔ ዘጠኝ። ከዚራ፣ ባንድ ግቢ፣
እኔ የቤት ልጅ ነኝ፤ እሷ ልብስ አጣቢ።
ቦርሳዬን ተሸክማ፣ የደቻቱን አሸዋ ተሻግራ፣
ከትምህርት ቤቱ በር ትመለሳለች፤ ይጠብቃታል ሥራ።
ማታ ጮክ ብዬ ሳጠና፣ እሷ ሰምታ ከጓዳ፣
በቃሏ ትይዘው ነበር፣ እንደማይከፈል ዕዳ።
አንድ ቀን አሸዋው ላይ «ኢ» እና «ፍ»ን ጻፍኩላት፤
ማታ ጎርፍ ጠረገው። «ቱ» ትቀራት ነበር፤ አልጨረስኩላት።

አሥራ አራት ሲሞላት፣ አንድ ቀን ጠዋት ታጣች፤
እናቴ ማንኪያ ቆጠረች። ማንም አልጠየቀም ወዴት እንደ ወጣች።

ኢፍቱ ብርሃን ነው በእናቷ ቋንቋ፤
ስሟን ተርጉሜ ወሰድኩት፤ አልቀረም እንኳ ሳቋ።
አሳታሚው አለኝ፦ «ለልጅ ነው፣ አታሳዝኚ፤
በመጨረሻው ገጽ ላይ ትንሽ ለጋስ ሁኚ።»
በወረቀት ላይ ለጋስ ሆንኩ፤ ስንት ይከፈላል ለቀለም?
ከጓዳ እስከ ሆስፒታል ሁለት መስመር ነው፤ ሩቅ አይደለም።
ዶክተር ያደረግኳት፣ ነጭ ጋውን ያለበስኳት፣
እኔን እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው፤ ለሷስ ብዬ አልጻፍኳት።

ይህን ለሐምዲያ እንዴት ብዬ ልንገር?
«እኛ ቤት አንዲት ልጅ…» ብዬ ጀመርኩ፤ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ ነገር።
«እሷስ» አለች ሐምዲያ፣ «ማንበብ ትችላለች?»
ደወሉ ተደወለ። ደብተሯን በፌስታል ቋጥራ ትሮጣለች፤
«ሰዎቼ ይቆጡኛል! ልጃቸው በባጃጅ አሁን ትደርሳለች!»

ሲመሽ ደቻቱ ወረድኩ። ውሃ የለም፤ ፍየል አለ፤
ባጃጁ በድልድዩ ሲያልፍ፣ አዛኑ ቀጠለ።
ጎንበስ ብዬ በጣቴ የቀረችውን «ቱ»ን ልጽፍ
ጀመርኩና ተውኩት።
ለማን? ለሚጠርግ ጎርፍ?

እርሳሴን አወጣሁ፤ መጽሐፌን ገለጥኩኝ፤
ከመጨረሻው ገጽ ዶክተሯን ሰረዝኩኝ፤
በቦታዋ ጻፍኩኝ፦
«ኢፍቱ ጠዋት ታጣች።
እናቴ ማንኪያ ቆጠረች።
አንድም አልጎደለም።»