የሐሙስ ልብ

ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ማለዳ፣
ብሩክስ ተኝታለች፤ ሜዳው በረዶ ነው፣ ሰማዩም የጸዳ።
ባልዲ አንጠልጥያለሁ፤ ውስጡ አራት የበሬ ልብ።
አለቃዬን ለምኜ ነው፣ "ለልጆች ትምህርት" ብዬ።
ሳቀና ፈረመ። "ልብ ይስጥህ" ብሎኝ ይሆናል በሆዱ፣
ብቻ አራቱ ልቦች ከእኔ ጋር ሄዱ።

ሐሙስ ነው። በየቤታቸው የሚማሩት የሚገናኙበት፣
የሜኖናይቶች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት።
የቦት ጫማ ሰልፍ፤ ማሞቂያው ላይ የተሰጣ ጓንት፤
በሩ ላይ የተለጠፈ ተራ፦ "ሽንት ቤት፣ የሶስና እናት።"
(እናቷን ጉንፋን ጥሏታል፤ ተራው የእኔ ነው።)
ተጸለየ። በጸሎቱ መሃል አንዱ አስነጠሰ፣
የሌላው ሳቅ ከ"አሜን" ቀድሞ ደረሰ።
ከዚያ ትንንሾቹ፣ በአንድ ድምፅ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ
የላቲን ግስ አነበነቡ፤
የጎደላቸው ውሻ ነው፣ ከየደጁ አባራሪ።

"ዛሬ የሶስና አባት ያስተምረናል" አለች ማርሊስ ዳይክ።
ሶስና ወለሉን አየች። አነጋገሬን ታፍርበታለች፣ አውቃለሁ።
ስንት ዓመት በሌሊት ስሰነጥቅ፣ ስጥል፣
አንድም ቀን ልብን ልብ ብዬው አላውቅም፤
በሃያ ልጅ ፊት፣ ቢላዬ ሲዘገይ ነው ያየሁት።
"አራት ክፍል አለው" አልኩ፤ "ሁለት ላይ፣ ሁለት ታች።"
በሰፋቸው ጓንት ውስጥ ጣታቸው እየዋኘ ነካኩት፤
ቲሞ "ይበላል?" አለ። "ይበላል" አልኩት።

አናሊስ ግን፣ ስድስት ዓመቷ፣ የፊት ጥርስ የላት፣
ወንበር ላይ ቆማ፣ አፍንጫዋን ይዛ በሁለት ጣት፦
"ኢየሱስ የሚኖረው በየትኛው ክፍል ነው?" አለች።

ማርሊስ መነጽሯን ጠረገች።
ማሞቂያው ጠቅ፣ ጠቅ አለ።
እኔ ሥጋ ቆራጭ ነኝ፤ መልስ ከየት አባቴ ላምጣ?
ጣቴን ሰደድኩና ስሱን፣ ነጩን ሽፋን ገለጥኩላት፦
"ክፍሉን አላውቅም" አልኩ። "በሩ ግን ይኸው።
ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ የገባውን አይመልስም።"
ሶስና ቀና አለች። ምንም አልተናገረች፤
መጥታ ግን ክንዴ ስር ቆመች።

ምሳ ሾርባ ነበር። ሽንት ቤቱን አጠብኩ፣ ወለሉን ወለወልኩ።
ወደ ቤት ስንነዳ ባዶው ባልዲ ከኋላ
ዱብ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ዱብ ይላል እንደገና፤
እጅጌዋን ደም ነክቶት እንቅልፍ ወስዷታል ሶስና።

ማታ ፈረቃ አለኝ።
ሰንሰለቱ አይቆምም፣ በር ለሚፈልግ ሰው።