ሰማያዊ መደብ

ፊቱን አላውቀውም፤ የማውቀው አክታውን፣
በኩባያው ወገብ ላይ የተጻፈ ስሙን፦
ይማም ወልዴ፣ ወንድ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት፣
ሥራው፦ ወፍጮ ቤት።

ከመርሳ በላይ ነው፣ ወንዙን ሁለቴ ተሻግሮ፤
ሞተረኛው ሐሙስ ያመጣዋል ቀዝቃዛ ሣጥን አስሮ።
ክዳኑን ስከፍት ጭምብሌን አጥብቄ፣
የራሴን ትንፋሽ ከራሴ ደብቄ፣
በስንጥር ጫፍ ወስጄ መስታወቱን ቀባሁት፣
ቀይ ቀለም አፍስሼ ከሥሩ አሞቅሁት፣
አጠብሁት፣
ሰማያዊ ደረብሁት።
መብራት ሄዷል። ማይክሮስኮፑን ወደ ደጅ ፀሐይ አዞርሁ፣
አንድ ዐይኔን ጨፍኜ አጎነበስሁ።

አሉ።
ቀያይ ስንጥሮች፣ ሁለትም ሦስትም ሆነው፣
እንደ ሰርገኛ በሰማያዊ ሜዳ ተበትነው።
ሦስት የመደመር ምልክት ጻፍሁ ከነስሙ፤
እዚህ ቤት ሲደመር፣ መጉደል ነው ትርጉሙ።

ቀሪውን የነገረችኝ ሐዋ ተገኝ ናት፣
የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን፤ እግሯ እንጂ መኪና የላት።
አምና «ብርድ ነው» ብለውት ፌጦ ጠጣ፣ ነጭ ሽንኩርት በላ፤
ዘንድሮ «ዱቄቱ ነው» አለ፣ ሳሉ ሲብስ በኋላ፤
ደም ሲተፋም እጁን አይቶ፣
«የቀይ ማሽላ ነው» አላት፣ በሱሪው ጠርጎ፣ አጥፍቶ።

ወፍጮ ቤቱ መስኮት ነበረው፤ ዱቄቱን ንፋስ ይዘርፋል ብሎ
በጆንያ ወትፎታል፣ ጭቃውንም አክሎ።
ሰልፈኛው ከነስልቻው እዚያው ተፋፍጎ ይውላል፣
ያንዱን ትንፋሽ አንዱ ስቦ፣ ስለ ዝናብ ያወራል።
ሐዋ መጀመሪያ ያስወጣችው ጆንያውን ነው።
ኪኒኑ ቀጥሎ መጣ።
ማለዳ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቀበቶው ሳይዞር፣
እፊቷ ይውጣል፤ እሷም ካርዱ ላይ ምልክት ታኖር።
በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ቀላ። ሮጦ መጣ፣ «ገደልሽኝ» አላት።
«መድኃኒቱ ነው» ብትለው፣
«የመርሳ ብርቱካን ደረቀ ሲሉ፣ ለካ እኔ ውስጥ ተተክሏል» አላት።

በሁለተኛው ወር ሥጋ ለበሰ፤ ሳሉ ጠፋ።
በሦስተኛው፣ ራሱ ጠፋ።

ወሬ ነው ያሸሸው። «የይማም ዱቄት ይይዛል» ተብሎ፣
ሰው ወደ ታችኛው ወፍጮ ወረደ፣ አህያውን አግተልትሎ።
የሐዋን ጥላ ካየ በጓሮ በር ይወጣል፤
«አንቺ ስትመጪ ነው ሰው የሚያውቀው» ይላል።
እሷ አልተቆጣችም። ስብሰባም አልጠራች።
በገበያ ቀን፣ በቀትር፣ ስልቻ ማሽላ አዘለች፣
የታችኛውን ሰልፍ አቋርጣ፣ ሰላምታ እየሰጠች፣
ሽቅብ ወጣች።
አስፈጨች።
ዱቄቱን ከቅንድቧ ሳትጠርግ፣ በዚያው መንገድ ተመለሰች።

በማግሥቱ ይማም ውኃ በጣሳ ይዞ
ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቃት።
ሁለት አህዮች ቀድመዋታል።

አምስተኛ ወር፤ ሐሙስ፤ ያው ስም በኩባያው።
መቶ እይታ ቆጠርሁ፣ ከዳር እስከ ዳር መስታወቱን ሳየው።
ሰርገኛው የለም፤ ሜዳው ብቻ ቀርቷል።
አንገቴን እስኪያመኝ አየሁት፤
ከዚያ ደግሞ አየሁት።
(የሚስቱ ኩባያ ጥር ላይ መጣ።
እሱ ሌላ መዝገብ ነው፤ ዛሬ አልከፍተውም።)

ባለፈው ቅዳሜ ቁና ማሽላ ይዤ ወጣሁ፣
የማላውቀውን ሰው ላይ። ተሰለፍሁ።
መስኮቱ ክፍት ነው፤ የፀሐይ ዘንግ ገብቶ፣
ዱቄቱ ይዋኝበታል፣ ወርዶ፣ ደግሞ ወጥቶ።
ረጅም ሰው ነው፤ እንዲህ አልጠበቅሁትም።
ቁናዬን ተቀበለኝ፣ ስሜን አልጠየቀኝም።
«አፍሽን ሸፍኚ፣ እቴ» አለኝ፣ «ይህ ዱቄት ያስላል።»

ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ሸፈንሁ።
ሙሉ ሒሳብ ከፈልሁ።