ከወፍጮ ቤቱ በላይ

ፍሬኑ የከዳኝ ከዓባይ ቁልቁለት፣
ሦስት ዓመት አለፈው፤ እኔ ግን ከዚያ ዕለት
እየነዳሁ አለሁ፣ አልጋ ላይ ሌት ሌት።

መኪናው ቋጥኝ ላይ ተደግፎ ቀርቷል፣
ጤፉ ፈሰሰ እንጂ ሰው ሁሉ ተርፏል፣
ሁሉም «ተመስገን» ብሎ እቤቱ ገብቷል።
ትንፋሼ ብቻ ነው ከመንገድ የቀረው፤
ከዚያ ገደል አፋፍ ማን ወርዶ ይጥራው?

ማርቆስ ሐኪም ቤት ሄጄ ሳንባዬን ታየሁኝ፣
«ምንም የለህ» ብለው በወረቀት ሸኙኝ።
ምንም የሌለው ሰው ታዲያ ለምን ያልበዋል?
በር ሲንኳኳ ሰምቶ ጉልበቱ ይከዳዋል?

አንጓች ናት የጠራችኝ፣ የማታ ተረኛዋ ነርስ፦
«ማክሰኞ በማለዳ፣ ወፍጮው ሳይነሣ ድረስ፣
ከላይ ባለው ቆርቆሮ ቤት
ና፣ ትንፋሽ እንማርበት።»

ዮጋ ነው አሉኝ። ሳቅሁ። በሃምሳ አምስት ዓመቴ
እንደ ድመት ልንጠራራ? ምን ይላል ጎረቤቴ?
(ጎረቤቴማ ሰምታ «ባዕድ አምልኮ ነው» አለች፤
አንጓች ጆንያ እያራገፈች እንዲህ ስትል መለሰች፦
«ሳንባ ሌላ አያውቅም፣ አየር ነው የሚያውቀው፤
ስሙን ካልወደድሽው፣ አንቺ ሌላ በይው።»)

ዱቄት በግድግዳው፣ ጆንያ ለምንጣፍ።
አንዲት አራስ አለች፣ እንቅልፍ ያጣች ጸሐፍ፤
አጠገቤ የተጋደመው ትራፊክ አንለይ ነው፣
ስንቴ መንጃ ፈቃዴን የነጠቀኝ፣ ያው!
እሱም አይተኛም አሉ።

አራት ቆጥሮ መሳብ፣ ስድስት ቆጥሮ መልቀቅ።
መጀመሪያ ቀን እኔ ሁለት ላይ ጨረስሁ፤
በወሩ
አራት ላይ አለቀስሁ።

ግንባሬ ጆንያ ሲነካ ተንጣጣ ወገቤ፤
የሁዳዴን ስግደት አስታወሰኝ ልቤ፦
«ያኔስ ለነፍሴ ነው፣ አሁን ለወገቤ…»
ብዬ ሳልጨርሰው ተምታታ ሐሳቤ።

«አሁን እንደ ንብ» አለች፣ «ከንፈር ገጥማችሁ፣
ከሆድ ይውጣ ድምፁ፣ እስኪያልቅ ትንፋሻችሁ።»
ቤቱ ቀፎ ሆነ። አንለይ እንደ ጥንዚዛ።
ከእኔ ጉሮሮ ግን አንድ ነገር፣ እንደ ዋዛ፣
ጠርቼው የማላውቅ አርባ ዓመት ሙሉ፣
አራራይ ወጣ፤ ዞረው አዩኝ ሁሉ።

የኔታ ልሳነወርቅ! ዲማ፣ ከጎጆው ደጅ፣
አርጩሜ በእጃቸው፦ «ትንፋሽ አትስረቅ፣ ልጅ!
ዜማ ከጉሮሮ አይነሣም፣ ከእምብርትህ አንሣው፤
ይዘት ላይ ያዘው እንጂ፣ ድፋት ላይ አውርደው።»
እኔ የጭነት መኪና ጥሩንባ አስኮብልሎኝ
ረዳት ሆንሁ፤ ዜማው ዲማ ቀረ መስሎኝ።
ደረትም ምልክት ነበር ያን ጊዜ፣ ከፊደል አናት ላይ፤
በሽታ ሳይሆን ገና፣ ሐኪም ቤት ሳልታይ።

ድኛለሁ አልልም። ትናንት ሌሊት ነዳሁ።
ግን እታጠፊያው ላይ፣ ይዘት ብዬ ያዝሁ፣
ድፋት ብዬ ወረድሁ።

ቅዳሜ ለታ ደግሞ በሚኒባስ ደጀን ሄጄ
ቆምሁ ከአፋፉ ጫፍ፣ ሆዴ ላይ ነው እጄ።
ታች ጉም ነበር። አንድ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል።
አራት ሳብሁ።
በስድስቱ፣ አፌን ገጥሜ፣ እንደ ንብ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?» አለች ቆሎ የምትሸጠው።
«ታች የቀረ አለኝ» አልኋት፣ «እሱን ነው የምጠራው።»