በየትኛው «ሀ»?

የካርድ ክፍሏ መስኮት ጠባብ ናት፣ ለአንድ ፊት የተቀደደች፤
እኔ ግን ሁልጊዜ ሦስት ፊት ነው የማየው፣ ተደራርቦ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከውስጥ በኩል ነኝ።
ሐኪም አይደለሁም፤ አልወጋም፣ ደም አልቀዳም፤
ስም ነው የምፈልገው፣
የሰውን ስም ከአቧራ ማውጣት።

አምና መደርደሪያዎቹን አነሷቸው።
«ዘመናዊ ሆነናል» ተባለ፤ ኬክ ተቆረሰ፤ ጭብጨባም ነበረ፤
በእጅ የተጻፈው ሁሉ በጆንያ ተቋጥሮ
ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ታጎረ።
ለእኔ ኮምፒውተር፣ የሦስት ቀን ሥልጠና፣ አበል።
በአራተኛው ቀን ሲስተሙ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ «ሲስተም የለም» እላለሁ፣
ሰው እንደሚያስነጥሰው፣ ሳላስበው።
አንዲት የአሮሬሳ እናት «መቼ ይመለሳል?» አለችኝ፤
ሰው መስሏት፤ ደመወዝ የሚበላ ሰው።

ትናንት ሌሊት ግን ሲስተም ነበረ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሐይቁ ጉም ለብሶ፣
አባ ኮዳዎቹ ዋርካው ላይ እንደ ዘበኛ ቆመው ሲያንቀላፉ፣
አንድ ባጃጅ ሽማግሌ አወረደ።
ከቤንሳ፣ በአይሱዙ ጀርባ፣ ከቦሎቄ ኩንታል መሀል፤
ትንፋሹ እንደ እርጥብ ማገዶ ይንጫጫል።
ልጁ ዱካሌ ደግፋዋለች፤ ዐሥረኛ ክፍል ናት፤
ደብተሯ እንኳ ከብብቷ አልወረደም።

«ስም?»
«ሀጤሶ ሌዳሞ።»
ጻፍኩ። ሀጤሶ። አልተገኘም።
ሐጤሶ። አልተገኘም።
ኀጤሶ። ኃጤሶ። ሃጤሶ። ሓጤሦ።
ስድስት ሀ፣ ሁለት ሶ፤
አባቶች ለክብር ያቆዩልን ፊደላት
አንድ ሽማግሌ መሀላቸው ጠፋ።
ሲስተሙ አለ፤ ሰውየው የለም።

ዶክተር ትሕትና አንገቷን በመስኮቴ አስገባች፤
ከትናንት በስቲያ የተኛች፣
አንዱ ዓይኗ አሁንም እዚያው ነው።
«ካርዱስ? አርባ ሁለት በሽተኛ፣ እኔ ብቻ።
ሳንባው ነው። ፔኒሲሊን ልጀምርለት።
ከዚህ በፊት የወሰደው ካለ…»
ዱካሌ ፌስታል ፈታች፤
ነጭ ክኒን፣ ግማሽ ክኒን፣ ቢጫ ክኒን። ስም የላቸውም።

እኔ በሽታ አላውቅም፤ የካርድ ሽፋን ግን አልረሳም።
ቀይ እስክሪብቶ ትዝ አለኝ፣ ጥግ ላይ፣ ሁለቴ የተሰመረበት።
ምን ነበር የሚለው?
«ዶክተር፣ ዐሥር ደቂቃ።»
«የለኝም» አለች። ሰጠችኝ ግን።

በስልክ መብራት ጆንያ ፈታሁ።
አይጥ የበላው ሰው፣ ዝናብ ያበሰበሰው ሰው፤
የሞቱ አሉ፣ ካርዳቸው ያልሞተ፤
ያሉ አሉ፣ ካርዳቸው የሞተ።
የሀን፣ የሐን፣ የኀን ገለበጥኩ፤ ምንም።
ጄኔሬተሩ ጆሮዬ ሥር ያጓራል።
ተስፋ ቆርጬ ስነሣ የ«አ»ን ጆንያ ረገጥኩ፤
እዚያ፣ ከአፉ ዳር፣ «አጤሶ ሌዳሞ»።

የትኛው ደንቆሮ ነው፣ አልኩ፣
ሰውየው ሲናገር ቀና ብሎ እንኳ ያላየው?
መብራቱን አስጠጋሁ።
የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ ነበር።

ቀዩ የሌላ ሰው ነው፦ «ፔኒሲሊን ሊገድለው ነበር።»

ስደርስ መርፌው ተቀድቷል፣ ክንዱ በአልኮል ተጠርጓል።
አነበበች። መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው፣
ቀስ ብላ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚቀመጥ፤
ከዚያ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።
«ሌላው መድኃኒት እኛ ጋ የለም። ከውጭ ግዙ።»
ዱካሌ የባጃጁን መልስ ቆጠረች። ድጋሚ ቆጠረች።
የጎደለውን ማን እንደሞላ አይጻፍ።

ሲነጋ ሀጤሶ አለ፤
አልጋ ስላልተገኘ ኮሪደር ላይ፣ በፍራሽ፣
የሰው እግር እየተሻገረው፤ ግን አለ።
ልጅቱን ጠራኋት። «እንደ አዲስ ላስገባው። በየትኛው ሀ ነው?»
ግራ ገባት። እስክሪብቶዬን ወስዳ መዳፏ ላይ
በሲዳምኛ፣ በላቲኑ ፊደል ጻፈችው።
«እኛ ጋ» አለች፣ «ሀ አንድ ነው።»

መዳፏን በመስኮቷ ዘረጋችልኝ።
ላቧ ቀለሙን እያጠፋው ነበር፤
ፈጠን ብዬ ጻፍኩ።