ጥርስ ቆጠራ

ባሕሩ ከብሪታኒ ጠረፍ አፈግፍጎ
ጨረቃዋን ተከትሎ ሄደ፣ ምን ፈልጎ?
ሣሩ ጭቃው ላይ ተኛ፣ እንደ ራሰ ጠጉር፤
አዜኖር በቦቲዋ ገባች፣ ወደዚያ አረንጓዴ ዱር።
እኔ ከኋላዋ፣ ባልዲ ተሸክሜ፣
የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ገና ያልጠና አቅሜ።

መረቡን ስትገለብጠው፣ ሣር፣ ዝቃጭ፣ ቀንድ አውጣ፤
ከመሐል አንድ ነገር ተፈናጥሮ ወጣ፣
ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ፣ እንደ ሣሩ አረንጓዴ።
«አረንጓዴ ሽሪምፕ!» ብዬ ጮህኩ፣ ደስ ብሎት ሆዴ።

«ቀለሙን ተወው፣ ቱግዱዋል። ቀለሙ የባሕር ውሰት ነው።
ቡናማ አረም ላይ ሲከርም ቡናማ ነው፤
ቀዩ ላይ ቀይ። ሌሊት ደግሞ ሁሉን ጥሎ
ሰማያዊ ብርጭቆ ይሆናል፣ ውስጡ እስኪታይ ጠልሎ።
አልኮል ውስጥ ስትነክረው ያ ሁሉ ይለቃል፤
ያኔ ማን መሆኑን ከቀለሙ ማን ያውቃል?»

ቤተ ሙከራችን የመረብ መጋዘን ነበረ፣
ጨው ግድግዳው ላይ እንደ ላብ የቀረ።
ማይክሮስኮፑ አንድ። ወንበሩ ሁለት።

«ከወገቡ ጀምር።» ወረንጦው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።
«የሁለተኛው አንጓ ክዳን ከፊቱም ከኋላውም ያለውን
ከጎን በኩል ካለበሰ፣
ከዚህ ወገን ነው። ካላለበሰ ዝምድናው ፈረሰ።
ዓይኑ አገዳ ላይ ነው፣ እንደ ፋኖስ የተሰቀለ፤
ከዓይኑ በላይ አንድ እሾህ አለ፤
ወረድ ብሎ፣ ከጉበቱ ደጃፍ፣ ሌላ፤
ሳታየው እንዳታልፍ፣ ጥላ ነው የሚመስለው፣ ጥላ።
አሁን ግንባሩ ላይ ያለውን ጦር ተመልከት፤
ቀጥ ያለ ነው። ጥርስ አለው። ከላይ ሁለት፣
አንዱ ከሥሩ አጠገብ፣ አንዱ ወደ ጫፉ፤
ሌሎቹ ከታች ናቸው፣ እያየሃቸው እንዳያልፉ።»

«ሦስት» አልኩ።
«ድገም።»
«አምስት።»
«ድገም።»
ስምንት ጊዜ ቆጠርኩ። ዓይኔ አነባ። ተናደድኩ።
«የአጎቱ ልጅ ቢሆንስ? ማን ይጠይቀናል?» አልኩ።

ወረንጦውን ከእጄ ወስዳ አስቀመጠች።
ከመስኮቱ ውጭ ባሕሩ እየተመለሰ ነበር።

«ጎልቨን የሚባል ወንድም ነበረኝ» አለች።
«ጀልባቸው በጥቅምት ወጣች፣ አልተመለሰች።
በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ባሕሩ አንድ ሰው መለሰ፤
ሹራብ የለው፣ መልክ የለው፣ የባሕሩን ቀለም የለበሰ።
እናቴ በሩ ላይ ቆማ ‹የኔ አይደለም› አለች፤
የሌላው ልጅ እናት ‹የኔ ነው› ብላ አለቀሰች።
ከከተማ አንድ ሽማግሌ የጥርስ ሐኪም መጣ፣
መነጽሩን ጠረገ፣ መዝገቡን አወጣ፣
ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ለሦስተኛ ጊዜ ደገመ፤
በግራ፣ ከታች፣ ራሱ የሞላው ጥርስ ላይ ሲደርስ ቆመ።
‹ጎልቨን ነው› አለ። ሌላ አልተናገረም።
ወንድሜ ስሙን ይዞ ተቀበረ። ያለ ስም አልቀረም።
ያቺ ሴት ግን እስከ ዛሬ ወደብ ትወርዳለች።»

ጎንበስ አልኩ። መብራቱን አቀረብኩ።
ከላይ ሁለት። ከታች ሁለት። ደግሜ ቆጠርኩ።
መለያ ወረቀት ሰጠችኝ፤ እስክሪብቶ ሳነሳ
እጄን ቸብ አደረገችና አቀበለችኝ እርሳስ፦
«አልኮል ውስጥ እኮ ነው የሚገባው። ቀለም ይለቃል።»

ማታ ባልዲውን ልደፋ ወደ ውሃው ወረድኩ።
ባትሪ አበራሁ። ምንም። ባዶ መሰለኝ።
ቆይቶ ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ዓይኖች፣
በመሐላቸው ውሃ፣ ከኋላቸው ውሃ፣
ከውሃው ውስጥ ደግሞ ትር ትር የምትል
የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ልብ።

ባልዲውን ቀስ ብዬ አዘነበልኩት።
ጥርሱን አልቆጠርኩም።